ከአስቤዛችን ላይ ለማዕከላችን
(በዱራሜ ከተማ ለወጣቶች፣ ለወላጆችና ለዕድር ተወካዮች ከቀረበ ንግግር)



ንግግር እንዳቀርብ ስጠየቅ "እኔ ባለሱቅ ነኝ፤ ከሚዛንና ከዱቤ ደብተር ሌላ ምን አውቄ ልናገር?" አልኳቸው። አስተባባሪዎቹም "እሱን እኮ ነው የምንፈልገው" አሉኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ስኳር፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ሽንኩርትና ስለ ሳሙና ነው። እነዚህ በየቀኑ የምንገዛቸው ነገሮች የወጣቶች መሰብሰቢያ የሆነውን ማዕከል በር ከፍተው ሊያቆዩት እንደሚችሉ ላሳያችሁ እፈልጋለሁ።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በዚህ ሳምንት ከየቤታችሁ ለአስቤዛ ስንት ብር ወጣ? የምትስቁት ገብቶኛል። ኑሮ ውድ ነው፤ "ያለው ነው የሚገዛው" ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ሆኖም ያለውም የሌለውም ጨው ይገዛል። ሰው የልብስ መግዣውን ለከርሞ ሊያቆየው ይችላል፤ ጨውንና ሳሙናን ግን አያቆይም። ከሱቅ ጀርባ ቆሜ የተማርኩት ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ሱቅን የሚያቆመው በዓመት አንዴ መጥቶ ብዙ የሚገዛ ሰው አይደለም። በየቀኑ እየመጣች ሩብ ኪሎ ስኳር የምትገዛው እናት ናት።

ማዕከልም እንደዚሁ ነው። በዓመት አንዴ በሚመጣ ትልቅ ስጦታ አይቆምም። በየቀኑ በሚመጣ ትንሽ ነገር ነው የሚቆመው። የዛሬው መልእክቴ ይኸው ነው።

በሩ ለምን ተዘጋ?

ስሟን በማልጠራት አንዲት ከተማ የተሠራ የወጣቶች ማዕከል አውቃለሁ። ሲመረቅ ሪባን ተቆርጧል፣ ጭብጨባው ደምቋል፣ ድንኳን ተጥሎ ሕዝቡ ተጋብዟል። የጠረጴዛ ቴኒስ ነበረው፣ መጻሕፍት ነበሩት፣ የምክር አገልግሎት የሚሰጥባት ትንሽ ክፍልም ነበረችው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የጥበቃው ደመወዝ ቆመ። ጥበቃው ሲቀር ማታ ማታ መክፈት ቀረ። ቀጥሎ መብራቱ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ቁልፍ ገባ፤ መጻሕፍቱም እዚያው አቧራ ለበሱ።

ልብ በሉ! ማዕከሉን የዘጋው የሕንፃ እጦት አልነበረም። የዘጋው የጥበቃ ደመወዝ፣ የመብራት ክፍያ፣ የወረቀትና የሳሙና ወጪ ነው። ሕንፃ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ማዕከል ግን በየወሩ ይበላል። በየወሩ የሚበላን ነገር በየወሩ በሚገባ ገንዘብ ካልሆነ ልንመግበው አንችልም።

"ታዲያ ቢዘጋስ ምን ይሆናል?" የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ሱቄን የምዘጋው አመሻሽ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ፣ ሥራም ሳይገኝ፣ ወጣቱ የት እንደሚውል ከሱቄ ሆኜ አያለሁ። ማንበቢያ፣ መጫወቻና መነጋገሪያ ቦታ ሲያጣ አልባሌ ቦታ ይውላል። ጫት ቤት ይውላል፤ ከዚያ መጠጥ ይመጣል፤ ከመጠጥ በኋላ ደግሞ ነገ የሚያስጸጽት ውሳኔ። ልጅቷም ብትሆን የደብተር መግዣ የሚሰጣት ሰው በምላሹ ምን እንደሚጠይቃት የምታማክረው ታላቅ እህት ትፈልጋለች። ስለ ኮንዶም፣ ስለ ምርመራ፣ ስለ መድኃኒት ሳይፈራና ሳያፍር የሚጠይቅበት ቦታ ለወጣቱ ያስፈልገዋል። ማዕከል ማለት ይኼ ነው።

የሰው እጅና የራስ እጅ

በአገራችን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መድኃኒቱን ገዝቶ መውሰድ የሚችለው ጥቂቱ ብቻ ነበር። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ እንደማያስተላልፍ ሳይንስ አረጋግጧል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ለዚህ ድል የዓለም አቀፍ እርዳታ ያደረገውን አስተዋጽኦ ማንም አይክድም።

ከዚህ እርዳታ የተወሰነው ራሱ ከሸመታ የመጣ መሆኑን ታውቁ ነበር? እ.ኤ.አ. በ2006 "ሬድ" የሚባል ዘመቻ ተጀመረ። ታዋቂ ኩባንያዎች ቀይ ምልክት ካደረጉባቸው ሸቀጦች ሽያጭ የተወሰነውን ድርሻ ለግሎባል ፈንድ ይሰጣሉ። ቲሸርት፣ ስልክ፣ ቡናም ሳይቀር ተሸጦበታል። በዚህ መንገድ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ በአፍሪካ ለኤች አይ ቪ ሥራ ውሏል። ለንደን ላይ ወይም ኒውዮርክ ላይ ለራሱ ዕቃ የገዛ ሰው አፍሪካ ውስጥ ላለች እናት መድኃኒት አዋጣ ማለት ነው።

ነገር ግን የሰው እጅ የሰው እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ በአገራችን በዚሁ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል። አማዞን የተባለው ትልቁ የኢንተርኔት ገበያም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደንበኛው ከገዛው ዕቃ ከመቶ ግማሽ ያህሉን ደንበኛው ለመረጠው በጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጥ ነበር። በ2023 ላይ ኩባንያው "በቃኝ" አለና ዘጋው። በዚያች ገንዘብ ይደጎሙ የነበሩ ትንንሽ ማኅበራት "ለምን?" ከማለት ውጪ ምንም ማድረግ አልቻሉም፤ ውሳኔው የእነሱ አልነበረምና።

ይህን የምለው የእርዳታ ሰጪን ውለታ ለማንኳሰስ አይደለም። መድኃኒቱ የመንግሥትና የዓለም ጉዳይ ነው፤ በሽንኩርት ትርፍ መድኃኒት እንግዛ አልልም። የማዕከላችን የበር ቁልፍ ግን በእኛው ኪስ ይሁን ነው የምለው።

ከድልድዩ የምንማረው

ዱራሜ ላይ ቆሞ ስለ ማኅበረሰብ ማዕከል የሚያወራ ሰው የዶክተር ቦጋለች ገብሬን ስም ሳያነሳ ቢወርድ ያስወቅሰዋል። ቦጌ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህቷ ከፍቅርተ ገብሬ ጋር በዚሁ በአካባቢያችን ያቋቋመችው ድርጅት ስም "ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ" ነው። ወደ አማርኛ ስንመልሰው የከምባታ ሴቶች አቅማቸውን አሰባስበው አብረው ሲሠሩ እንደማለት ነው። "አሰባስበው" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ቦጌ ከአሜሪካ ስትመለስ በልቧ የያዘችው ስለ ሴት ልጅ ግርዛት፣ ስለ ጠለፋና ስለ ኤች አይ ቪ መነጋገርን ነበር። ሕዝቡ ግን ያስቸገረው ሌላ ነበር፤ ድልድይ አልነበረም። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴውም ወደ ገበያ መሻገር ተቸግረው ነበር። እሷም "እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው" አላለችም። መጀመሪያ ድልድዩ እንዲሠራ አደረገች። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ አመናት፤ አምኗትም ከባድ የተባለውን ወሬ ሁሉ አብሯት አወራ። የማኅበረሰብ ውይይት የሚባለው፣ ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ሴቷና የሃይማኖት አባቱ በአንድ ላይ ተቀምጠው ስለ ግርዛትና ስለ ኤች አይ ቪ የሚነጋገሩበት መንገድ በእኛ አካባቢ ሥር ከሰደደ በኋላ ግርዛት እጅግ ቀንሷል። ዶክተር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጂየሙን የንጉሥ ቦዱዌን የልማት ሽልማት ተቀበለች፤ በ2019 ደግሞ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። ነፍሷን ይማር።

ከዚህ ታሪክ እኔ እንደ ነጋዴ የያዝኩት አንድ ነገር አለ። ድልድዩ ሰውን ወደ ገበያ አሻገረው፤ ገበያውን የተሻገረ ሰውም ወደ ውይይቱ መጣ። ገበያና ጤና የተለያዩ መንገዶች አይደሉም። እናት ወደ ገበያ ስትሄድ የምትሄደው ስለ ልጆቿ ነው። ስለዚህ ስለ ልጆቿ ልናነጋግራት ከፈለግን እሷ ካለችበት ከገበያው እንጀምር።

ቅቤውን ማን አስተማረን?

"በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አሰባስቦ ትልቅ ነገር መሥራት" ሲባል አዲስ ነገር የሚመስለው ወጣት ካለ ቤቱ ገብቶ እናቱን ይጠይቅ። የአካባቢያችን እናቶች የቅቤ ዕቁብ አላቸው፤ ውጆ እንለዋለን። አንዲት እናት ብቻዋን የምታልባት ወተት ተንጣ የምትሰጠው ቅቤ ለወጥ እንጂ ለገበያ አትበቃም። እናቶች ግን ተራ ገብተው ያላቸውን ሲያዋጡ ባለተራዋ ገበያ የሚያወጣ ቅቤ ታገኛለች። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሌላዋ። ማንም ሀብታም አልሰጣቸውም። የነበራቸውን፣ በየቀኑ የሚያልቀውን ወተት፣ እንዳያልቅ አድርገው አሰባሰቡት። ይኸው ነው ምስጢሩ።

ደቡብ አፍሪካ ያሉትን ወንድሞቻችንንም አስቡ። ከሆሳዕናና ከዱራሜ የሄዱት ብዙዎቹ እዚያ ምን እንደሚሠሩ ታውቃላችሁ። ስፓዛ በሚባሉ የሰፈር ሱቆች ውስጥ ዳቦ፣ ስኳር፣ ሳሙናና የስልክ ካርድ በችርቻሮ ይሸጣሉ። በዝርፊያና በጥላቻ ጥቃት ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። ሆሳዕና ላይ የምናያቸው ብዙ ፎቆች የቆሙት በዚያ የዳቦና የስኳር ሳንቲም ነው። እንግዲህ ወገኖቼ፣ የሌላ አገር ሰው አስቤዛ እዚህ ፎቅ ካቆመ፣ የራሳችን አስቤዛ የራሳችንን ማዕከል መብራት ማብራት ያቅተዋል?

ከሃያ ስምንቱ ሸማቾች ዘንድ

ይህ ነገር በሌላው ዓለምም ተሞክሯል። እንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል የሸማኔ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1844 ሃያ ስምንት ሰዎች ተሰባሰቡ። አብዛኞቹ ሸማኔና የእጅ ባለሙያ ናቸው። ደመወዛቸው ትንሽ ነበር። ሱቆቹ ደግሞ ዱቄቱን ባዕድ ነገር እየቀላቀሉ፣ ሚዛኑን እያጎደሉ ይሸጡላቸው ነበር። በየሳምንቱ ጥቂት ሳንቲም እየቆጠቡ 28 ፓውንድ አጠራቀሙና በታኅሣሥ ወር አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈቱ። የመጀመሪያ ሸቀጣቸው ቅቤ፣ ስኳር፣ የስንዴ ዱቄት፣ የአጃ ዱቄትና ሻማ ብቻ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሳቀባቸው።

እነሱ ግን ሦስት ነገር አጥብቀው ያዙ። አንደኛ፣ ሚዛን አይጎድልም፣ ሸቀጥ አይቀላቀልም። ሁለተኛ፣ ዱቤ የለም፤ ሁሉም በእጅ በእጅ። ሦስተኛ፣ ትርፉ ለአባላቱ በገዙት መጠን ይመለሳል። ብዙ የገዛ ብዙ ያገኛል ማለት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይተው ከትርፉ ላይ ከመቶ ሁለት ተኩል ለትምህርት እንዲውል ወሰኑ። በዚያ ገንዘብ መጽሐፍ ገዙ፤ ከሱቁ በላይ ባለው ክፍል ጋዜጣ የሚነበብበት ቦታ አዘጋጁ። ቀን በሸማኔነት የደከመ ሰው ማታ እዚያ እየወጣ ያነብ ነበር። ከታች ስኳር፣ ከላይ መጽሐፍ! በዓለም ላይ ላሉት የሸማቾች ሕብረት ሥራ ማኅበራት አርአያ የሆነችው ይህች ሱቅ ናት።

ሌላም ልጨምርላችሁ። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ሚዞራም የሚባል ተራራማ አካባቢ አለ። እዚያ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ሩዝ ባበሰሉ ቁጥር ከድስቱ በፊት አንድ ጭብጥ ሩዝ ለብቻ በዕቃ ያስቀምጣሉ። የተጠራቀመው ተሰብስቦ ይሸጣል፤ በገንዘቡም የቤተ ክርስቲያኒቱ ሥራ ይሠራል። ድሆች ነበሩ፤ ጥሬ ገንዘብ አልነበራቸውም። ጭብጥ ግን ከማንም ቤት አይጠፋም። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ እስከ ዛሬም ይሠሩበታል። የእኛ እናት ቆጮ ስትጋግር ወይም ቡላ ስታገነፋ እጇ ላይ የሚቀር ጭብጥ የላትም?

በሕጋችንም አለ

ሩቅ አንሂድ። በአገራችን የሸማቾች ሕብረት ሥራ ማኅበራት አሉ። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የኑሮ ውድነት ሲብስ ስንዴ፣ ስኳርና ዘይት በቀበሌ ሸማቾች በኩል ይከፋፈል እንደነበር ታላላቆቻችሁ ያስታውሳሉ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የሕብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶው ተቀንሶ እንዲያዝ፣ ቀሪው ለአባላት እንዲከፋፈል ይደነግግ ነበር። በ2009 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ ተተክቷል። የሕብረት ሥራ ማኅበራት በዓለም ዙሪያ ከሚመሩባቸው ሰባት መርሆዎች ውስጥ ሰባተኛው ለአካባቢው ማኅበረሰብ ማሰብ የሚል ነው። አባላት በጠቅላላ ጉባኤ ተቀምጠው "ከድርሻችን ላይ ይህን ያህሉ ለማዕከሉ ይሁን" ብለው በቃለ ጉባኤ ቢፈርሙ ማንም አይከለክላቸውም። ዝርዝሩን የወረዳው ሕብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ያስረዳችኋል። ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ሳንቲም አያስከፍልም።

እንዴት እንጀምር?

አሁን ወደ ሚዛኔ ልመለስ። ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ጅምላ ነው። እንበልና መቶ ቤተሰብ ተስማምቶ በሳምንት ሦስት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት በጋራ ይግዛ። ሦስት ኩንታል ሽንኩርት ሆነ ማለት ነው። በችርቻሮና በጅምላ መካከል በኪሎ ስምንት ብር ልዩነት አለ እንበል። ከዚያ ላይ ሁለት ብር ለጫኝና አውራጅ፣ ለማጓጓዣ፣ ለሚበሰብሰውም ይሁን። አራት ብሩ በእናትየው ኪስ ይቅር። ሁለት ብሩ ለማዕከሉ ይግባ። በሳምንት 600 ብር፣ በዓመት 31,200 ብር ይመጣል። ይህ በሽንኩርት ብቻ ነው። እናትየው ምን አጣች? ምንም! እንዲያውም በየሳምንቱ አሥራ ሁለት ብር ተረፋት። ቁጥሩ ምሳሌ ነው፤ ዋጋው በየገበያው ይለያያል። መንገዱ ግን ያው ነው።

ሁለተኛው መልስ ነው። ሱቅ መጥታችሁ መልስ ሲጠፋ ባለሱቁ ምን ይሰጣችኋል? ማስቲካ! ከረሜላ! እናንተም ሳትፈልጉ ታኝካላችሁ። በዚያ ፈንታ ፍላጎት ያለው ሰው መልሱን የሚጥልባት የታሸገች ሳጥን ሱቅ ውስጥ ብትቀመጥስ? በስልክ የሚከፍል ሰው ካለም ለማዕከሉ በተከፈተ ሒሳብ አንድ ሁለት ብር ማስገባት ይችላል። አንድ ቀን አንዲት እማማ ስለዚህ ነገር ስነግራቸው "ልጄ፣ ማስቲካውን የት አባቴ ላኝከው፣ ጥርስ የለኝ! ለልጆቹ ይሁን" አሉኝ። እንዲህ ነው አገር የሚሠራው።

ሦስተኛው እኛ ባለሱቆች ነን። "አንቺ እኮ ነጋዴ ነሽ፤ ሰው በጅምላ ከገዛ አትከስሪም ወይ?" ያሉኝ አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ነጋዴን የሚያከስረው የታወቀ ደንበኛ አይደለም። የሚያከስረው ሳይሸጥ መደርደሪያ ላይ የሚያረጅ ዕቃና የማይመለስ ዱቤ ነው። መቶ ቤተሰብ "ሳሙናና ጨው ካንቺ ነው የምንገዛው፣ በእጅ በእጅ ነው የምንከፍለው፤ አንቺም ከእያንዳንዱ ሳሙና ሃምሳ ሳንቲም ለማዕከሉ አውጪ" ቢለኝ እኔ ተጠቃሚ ነኝ። ዕቃዬ ይሸጣል፣ ዱቤዬ ይቀንሳል፣ የሰፈሬ ልጅም ከሱቄ ደጃፍ ከመዋል ማዕከል ይውላል። የእኔን ሱቅ ከዛሬ ጀምሮ ቁጠሩኝ፤ በሳሙና፣ በጨውና በክብሪት።

አራት ማስጠንቀቂያዎች

ነገሩ ጣፋጭ ስለሆነ ብቻ አንቸኩል። የጋራ ገንዘብ እንደ ማር ነው፤ የነካው ሁሉ ጣቱን ይልሳል።

አንደኛ፣ ደብተር። የእኔ ዱቤ ደብተር ላይ ቀን፣ ስም፣ ዕቃና ዋጋ አለ። የማዕከሉም ደብተር ከዚህ ማነስ የለበትም። ገንዘቡ በባንክ ይቀመጥ፤ በሦስት ሰው ፊርማ ይውጣ፤ ከሦስቱ አንዷ ወጣት ሴት ትሁን። በየወሩ ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚለው በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ዕድሮቻችን ለዘመናት የቆዩት ሀብታም ስለሆኑ አይደለም፤ ሒሳባቸውን በአባላት ፊት ስለሚያነቡ ነው።

ሁለተኛ፣ ማስገደድ የለም። የማትችል እናት አለች፤ ቤት ኪራይ የጨነቀው አባት አለ። "አላዋጣህም" ተብሎ ልጁ ከማዕከሉ በር የሚመለስ ከሆነ ከመጀመሪያው ባይሠራ ይሻላል። ያዋጣውም ያላዋጣውም ልጅ እኩል ይግባ።

ሦስተኛ፣ ምስጢር። ይህን በተለይ ለክበቡ አባላት ነው የምናገረው። ከገንዘቡ ላይ ቫይረሱ በደሙ የሚገኝን ወገን ለመርዳት ብታስቡ የስም ዝርዝር ግድግዳ ላይ እንዳትለጥፉ። አንድን ልጅ በደብተር ረድታችሁ በስሙ ብታጋልጡት ረዳችሁት ወይስ ጎዳችሁት? ለችግረኛ ተማሪዎች ሁሉ በሚል ይሰጥ። ማን ለምን እንደተቸገረ የሱቅ ወሬ አይሁን። የሱቅ ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ እኔ አውቃለሁ።

አራተኛ፣ ትንሽ እንጀምር። ሃያ ስምንቱ ሸማኔዎች የጀመሩት በአምስት ሸቀጥ ነው። እኛ በሦስት እንጀምር። በመጀመሪያው ወር አውቶቡስ ስለመግዛት አናውራ። የመጀመሪያው ወር ገንዘብ የመብራቱን ክፍያ ከሸፈነ በቂ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከእናንተ የምጠብቀው

ውድ ወጣቶች፣ ብዙ ጊዜ በስብሰባ ላይ "በጀት የለም" የሚል ቃል ትሰማላችሁ። በጀት ማለት ከሆሳዕና ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወረቀት ብቻ አይደለም። በጀት እናታችሁ ዛሬ ጠዋት በዘንቢል ይዛ የገባችው ነገር ውስጥም አለ። የሚያስፈልገው አንድ ሰው ቆጥሮ፣ ጽፎ፣ አሰባስቦ እንዲያሳየው ነው። እናንተ ሒሳብ ተምራችኋል። እናቶቻችሁ ማሰባሰብን ያውቃሉ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጉት።

ከዚህ ስትወጡ አምስት አምስት ሆናችሁ ተከፋፈሉ። እያንዳንዱ ቡድን በየሰፈሩ ሃያ ቤት ይጠይቅ፤ በሳምንት ምን ትገዛላችሁ? ስንት ኪሎ? ከየት? በስንት? በደብተር ጻፉት። በሚቀጥለው ስብሰባ ሦስቱን ሸቀጥ እንመርጣለን፤ የዕድር ተወካዮች ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ ይመርጡልናል፤ እኔም ከነጋዴዎቹ መካከል ፈቃደኞችን ይዤ እመጣለሁ። አንድ ወር እንሞክረው። ካልሠራ ደብተሩን አይተን ለምን እንዳልሠራ እንነጋገራለን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። የማዕከላችን ወጪ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለመቶ ቤተሰብ ግን ከሽንኩርት ላይ የሚወጣ ሁለት ብር ነው።

በሉ፣ ደብተርና እስክርቢቶ ያላችሁ ወደፊት ውጡና ቡድኖቹን እንመዝግብ።